ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በብስክሌት

ብስክሌቴ 14 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል። ይህን ያወቅኩት ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና የሚረከቡ አንድ ዘመዳችን ዘንድ ወስጄ በቡና ሚዛን ስላስመዘንኩት ነው። ውሃውን፣ መፍቻዎቹን፣ ተጨማሪ ካላማዳሪያውን፣ በሶውንና ጃኬቱን ስንጨምርበት 21 ኪሎ ገባ። ዘመዳችን "ግራም ድረስ መቁጠሩ ለምን አስፈለገሽ?" አሉኝ። ይሄ ሁሉ ዕቃ ጀርባዬ ላይ ስለሚወጣ ነው አልኳቸው።

በብስክሌት ተራራ ወጣሁ ስል ብዙ ሰው ከታች እስከ ጫፍ ፔዳል እየመታሁ የወጣሁ ይመስለዋል። እንደዚያ የሚወጣ ተራራ አለ፣ በኋላ እነግራችኋለሁ። አብዛኛው ግን እንዲህ ነው፦ እስከሚቻለው ትነዳለህ፣ ከዚያ ትገፋለህ፣ ከዚያ ትሸከማለህ። ማይጉዶ ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሸክመናል። ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ ብስክሌት ገዝተው ከአስፋልት መውጣት የሚፈልጉ ልጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። መሸከሙን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ "ታዲያ ብስክሌቱ ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ በደንብ ልመልሰው።

ማይጉዶ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ፣ በኦሞ ናዳ በኩል ያለ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጅማ ከተማ የተቀመጠችው 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብስክሌቶቹን መኪና ጣሪያ ላይ አስረን ናዳ ገባን፣ እዚያ አደርን፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። መጀመሪያ መንገዱ ደህና ነው፣ በእንሰትና በገብስ ማሳ መሀል ያልፋል። ፀሐይ ሳትወጣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ ልጆች እየሮጡ ይከተሉናል። ከዚያ መንገዱ ወደ ከብት መሄጃ ይጠብባል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ አንድ ቦታ ላይ የፊት ጎማዬ ተነስቶ ወደ ኋላ ልገለበጥ ስል ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ኮርቻ ላይ አልተቀመጥኩም።

አንድ በዕድሜ የገፉ አባት በቅሎ እየሳቡ ከላይ ሲወርዱ እዚያው አገኙን። ሰላምታው በኦሮምኛ ነበር፣ ረጅም ነበር፣ የቤተሰብ የከብት ሁሉ ደህንነት ተጠየቀ። ከዚያ ብስክሌቴን ዞረው ዞረው አዩት።

"ልጄ፣ በቅሎ ያለው ሰው ሽቅቡን ተቀምጦ ይወጣል፣ ቁልቁሉን ወርዶ ይስባል። አንቺ ገልብጠሽዋል።"

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ራሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ ነበር የሚወርዱት። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ፊት እግሯ ላይ ስለሚሆን ጉልበቷ ይከዳታል፣ ኮርቻውም ወደ አንገቷ ይንሸራተታል አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የፍሬኑን ዲስክ በጣታቸው ነኩትና "ይቺ ቀጭን ብረት ናት የምታቆምሽ?" አሉ። አዎ አባቴ፣ እሷ ናት አልኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው እሷን አደራ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ብስክሌት ይዤ የወጣሁበት ተራራ ላይ ሁሉ ይሄ "እሷን አደራ" አብሮኝ ወጥቷል። ሽቅቡ ያደክማል እንጂ ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም ሲደክምህ ትቆማለህ። ቁልቁሉ ላይ ግን መቆም የሚቻለው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ፍሬን።

የተራራ ብስክሌት ስፖርት ራሱ የተወለደው በፍሬን ጣጣ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ ወጣቶች ያረጁ ከባድ ብስክሌቶችን ተራራ ላይ አውጥተው ቁልቁል ይለቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ውድድር የጀመሩበትን አንዱን ቁልቁለት "ሪፓክ" አሉት። ፍሬኑ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነበር፣ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት። አንዴ ሲወርዱ ውስጡ ያለው ግራሶ በሙቀት ጨሶ ያልቃል፣ ስለዚህ ከየውርጃው በኋላ ፈተው እንደገና ግራሶ መሙላት ነበረባቸው። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው፣ እንደገና መሙላት ማለት ነው።

የዛሬው የዲስክ ፍሬን እጅግ የተሻለ ነው፣ ግን ሙቀቱ የትም አልሄደም። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርድ ያ ሁሉ የወጣህበት ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚያልቀው በሁለት ትንንሽ ዲስኮች ላይ ነው። ፍሬንን ከላይ እስከ ታች በትንሹ ይዞ መውረድ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፣ የኔም ነበር። ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ይቃጠላል፣ በእጅ የሚጨበጠው መያዣ ላላ ይላል፣ በመጨረሻ ብትጨብጠውም አይዝም። ትክክሉ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። በሁለቱም ፍሬን። ክብደትህን ወደ ኋላ አውጥተህ፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርገህ፣ ክንድህን አጠፍ አድርገህ። የመቃጠል ሽታ ከሸተተህ ቁም፣ አሥር ደቂቃ እረፍ። ትኩስ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስስ፣ ሊጣመም ይችላል። በጣትም አትንካው።

ሌላ ነገር ደግሞ የፍሬን ዘይት ነው። ሁለት ዓይነት ነው ያለው፣ አንዱ ማዕድን ዘይት ሌላው የመኪና ፍሬን ላይ የሚገባው ዶት የሚባለው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች ያበላሻል። እኔ አንድ ጊዜ ፍሬኔ ላላ ሲል አንድ ጋራዥ ወስጄ የመኪናውን ዘይት ሞሉልኝ፣ የኔ ደግሞ የሚወስደው ማዕድን ዘይት ነበር። በሳምንቱ ማንጠብጠብ ጀመረ። ሙሉውን መያዣ መቀየር ነበረብኝ። ብስክሌታችሁ ላይ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ መያዣው ላይ ተጽፏል፣ ካላገኛችሁት ጠይቃችሁ ሳታረጋግጡ አታስሞሉ።

የኛ አገር ቀይ ጭቃም ሸራ ይበላል። ክረምት ላይ እዚሁ ጅማ ከአጂፕ እስከ ቦዬ ደርሶ መመለስ ብቻ ሸራውን ምን እንደሚያደርገው ያየ ያውቀዋል። ጭቃው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ከዝናብ በኋላ ተራራ ላይ አልወጣም፣ ስለ ሸራው ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱም ነው። በርጥብ አፈር ላይ ጎማ ያለፈበት መስመር ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ ይሆነዋል፣ ያ ቦይ ደግሞ የገበሬው ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ነው የኛ ጊዜ።

አሁን ወደ መሸከሙ። አሸካከሙን ተሳስቼ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ በአንድ ትከሻዬ አንጠልጥዬ እወጣ ነበር፣ ያ ትከሻ በ20 ደቂቃ ይዝላል፣ ፔዳሉ ደግሞ በየእርምጃው ወገቤን ይደቃኛል። አሁን የፊት ጎማው እንዳይዞር ከዋናው ብረት ጋር በገመድ አስረዋለሁ። በእኔ በኩል የሚሆነውን ፔዳል እፈታለሁ። የግራው ፔዳል የሚፈታው እንደ ሌላው ብሎን አይደለም፣ በተቃራኒው ነው፣ ይህን ሳያውቁ ታግለው ጥርሱን የጨረሱ ሰዎች አይቻለሁ። ከዚያ ብስክሌቱን አንስቼ ማጅራቴ ሥር፣ ቦርሳዬ አናት ላይ አጋድመዋለሁ። አንድ እጄ የፊቱን ሞላ ይይዛል፣ ሌላው የኋላውን ብረት። እናቴ የሰጠችኝን ወፍራም ፎጣ አጥፌ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። ያ ፎጣ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል።

ጋራው አናት ላይ ንፋስ ካለ ግን አልሸከምም። ጎማው ንፋሱን እንደ ጀልባ ሸራ ይይዘዋል፣ ወደ ገደል ይገፋል። እዚያ እገፋዋለሁ። መግፋቱም ዘዴ አለው፦ ብስክሌቱን ወደ ፊት ትገፋውና ፍሬኑን ጨብጠህ ታቆመዋለህ፣ ከዚያ እንደ ከዘራ ተደግፈኸው ሁለት እርምጃ ትወጣለህ። ገፋ፣ ጨበጥ፣ ወጣ። ወንድሜ "እትዬ፣ እስከ 50 ቁጠሪና እረፊ" እያለ ነው የወጣነው። በ50 በ50 እየቆጠርን።

ጫፉ ላይ ደርሰን 40 ደቂቃ ተቀመጥን። ጭኮ በላን። ማንም አልነበረም። የታች አገሩ ሁሉ በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ ጉሙ ሲከፈት አንዴ ቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል፣ ከዚያ ይዘጋል። ፔዳሌን መልሼ ገጠምኩ፣ ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩ፣ ፍሬኑን አሥር ጊዜ ጨብጬ ለቀቅኩ። እና ወረድን።

ብስክሌቱ ምን ያደርጋል ላላችሁኝ፣ መልሴ ያ መውረድ ነው። አምስት ሰዓት የፈጀውን መንገድ በአንድ ሰዓት ከሩብ ወረድነው፣ እረፍቱን ጨምሮ። ግን ፍጥነቱን አይደለም የምለው። ስትወጣ እየተሸከምክ ስላለፍክበት እያንዳንዱን ድንጋይ ታውቀዋለህ። ያ የተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ያ ውሃ የበላው መታጠፊያ፣ ያ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያሰረበት ጉቶ። ሁሉም በተራው ይመጣል፣ እጅህ ከአንተ ቀድሞ ያውቀዋል። ያ ስሜት በመኪና ወጥቶ በብስክሌት በመውረድ አይገኝም፣ ሞክሬዋለሁ።

ሰው ያለበት ቦታ ስንደርስ ግን ቀስ ብለን፣ ከብትና በቅሎ ካለ ወርደን ነው ያለፍነው። የደነገጠች በቅሎ ጭነቷን ጥላ ገደል ልትገባ ትችላለች፣ መንገዱ ደግሞ የእነሱ ነው። ውሻ ከመጣ ከብስክሌቱ ወርደህ በአንተና በውሻው መሀል አቁመው፤ ስትሮጥ ነው የሚያሳድድህ።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን ልምምድ ጅማ ውስጥ ሞልቷል። እኔ እሑድ እሑድ ጅሬን እወጣለሁ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ። ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ንጉሥ ያንን ቦታ የመረጡት አገሩን ሁሉ ወደ ታች ለማየት ነው ይባላል፣ እውነትም ሁሉም ይታያል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ እወርዳለሁ፣ ሦስተኛው ላይ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነው ስለ ማርሽ ያሰብኩት። የብስክሌቴ የፊት ማርሽ 32 ጥርስ አለው፣ የኋላው ትልቁ 42 ነበረው። ጅሬን በዚያ ይወጣል፣ ከዚያ ከበድ ያለ ዳገት ግን አይወጣም። ማርሽ መቀየሪያውን ጨምሬ የኋላውን ወደ 51 ቀየርኩት። ፔዳል አንዴ ሲዞር 1.7 ሜትር ያህል ይሄድ የነበረው ወደ 1.4 ወረደ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጉልበት ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዕቃው ጅማ ውስጥ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፣ የሁለት ወር ደሞዜን በልቷል፣ አልቆጨኝም።

እስከ ጫፍ እየተነዳ የሚወጣ ተራራ አለ ብዬ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ባሌ ውስጥ፣ 4,377 ሜትር። ቀይ ተራራ ማለት ነው። የሳነቲ አምባ ላይ የሚያልፈው መንገድ ወደ ጫፉ ቅርንጫፍ አለው፣ ላዩ ላይ አንቴና ስለተተከለ መኪና ይወጣል። ጠጠር ነው፣ ዳገቱ ግን በ51 ጥርስ ይቻላል። ከጅማ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ፈጅቶብን ጎባ ደረስን። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አምባው ደግሞ 4,000 ነው።

እዚያ ነው የተሳሳትነው። አንድ ሌሊት ብቻ አድረን በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። የአየር ግፊቱ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው፣ ከጅማው ጋር ስታስተያየው ደግሞ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ወንድሜ ጅማ ውስጥ ሁልጊዜ ይቀድመኛል፣ 24 ዓመቱ ነው፣ ጠንካራ ነው። አምባው ላይ እንደደረስን ራሴን አመመኝ አለ፣ ቀጥሎ አቅለሸለሸው፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ፤ እሱ ሲደክመው የሚያወራ ልጅ ነው። ጫፉ ፊት ለፊታችን ይታያል፣ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቢቀረው ነው። "እትዬ አንቺ ሂጂ፣ እዚህ እጠብቅሻለሁ" አለኝ። መለስኩት። አብሬው ወረድኩ፣ እየደጋገምኩ አስቆምኩት፣ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያስነካ ቀጥ ባለ መስመር እንዲሄድ አደረግኩት። ያንን መሄድ ያቃተው ሰው፣ የሚቀባጥር ሰው፣ ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አደጋ ላይ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት፣ ብቻውን ደግሞ አይወርድም። ወንድሜ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ጎባ ስንገባ ምግብ ጠየቀ፣ ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

የከፍታ ሕመም ጉልበተኛ ሰነፍ አይልም። ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል፣ ጠንካራው እንዲያውም ቶሎ ስለሚወጣ ሊብስበት ይችላል። ከ3,000 በላይ የምታድርበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው የሚመከረው። እኛ ሁለት ቀን ጎባ ዙሪያ ቀስ እያልን ዋልን፣ በሦስተኛው ወጣን፣ ምንም አልሆነም።

ጫፉ ላይ በብስክሌት ተቀምጬ ደረስኩ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ። ንፋሱ ያስለቅሳል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጅማ 26 በሚሆንበት ቀትር እዚያ ዘጠኝ ቢሆን ነው፣ በላብ ርሶ ቁልቁል መልቀቅ ሲጨመርበት ጣት ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል። ደረቅ ካናቴራና ወፍራም ጓንት ለመውረጃ ብቻ ይያዝ። ጅብራው ቆሞ፣ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ 30 ሜትር ርቃ ፍልፈል ስታደባ አየናት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ናቸው። ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት ጉድጓዳቸውን መናድ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት።

በደቡብ በኩል ደግሞ መንገዱ ከአምባው ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት ገና አልሞከርኩትም። ከብርዳማው አምባ ተነስቶ ጫካ ቡና ያለበት ድረስ ነው የሚያወርደው፣ ለጅማ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ። ኪሊማንጃሮም ልቤ ውስጥ አለ፣ 5,895 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኒክና ሪቻርድ ክሬን የሚባሉ እንግሊዛውያን የአጎት ልጆች ከፊሉን እየነዱ ከፊሉን እየተሸከሙ ጫፉ አድርሰውታል። እነሱም ተሸክመዋል ማለት ነው፣ ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ለጊዜው ግን ማይጉዶ ነው። ኅዳር ላይ መንገዱ ሲደርቅ እንመለሳለን፣ እኔና ወንድሜ፣ ሁለት ሰው መጨመር እንችላለን። ፍሬናችሁን አስቀድሜ አየዋለሁ፣ ሸራው ካለቀ አላስወጣም። ፎጣ ያዙ።